የሚገባው

ሬሲፌ ይዘንባል። ቅዳሜ ከሰዓት
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ በዙሌይዴ ቤት፣
ሦስት ወንበር፣ አንድ ገንዳ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፤
እኔ አጣቢ ነኝ፤ እሷ ናት ባለሙያ።
ዓይኗ ደክሞባታል፤ መነጽር ያሳፍራታል፤
የጠርሙስ ጀርባ ሲነበብ የእኔ አፍ ያገለግላታል።

ማሪናልቫ ገባች፣ ጃንጥላም አልያዘች፤
ከረጢቷን ገልብጣ ጠርሙስ ደረደረች።
"ይህ ኬራቲን አለው፤ ይህ ሐር፤ ይህ ስንዴ፤
ሰባት ወር ሙሉ መቀባት ሆነ ልማዴ፤
ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የሚሰበር፣
ማበጠሪያ ሲያይ የሚረግፍ እንደ ደረቅ ሣር?"

ዙሌይዴ ዝም። አንዲት ዘለላ መዘዘች፣
በውሃ አራሰቻት፣ በሁለት ጣት ሳበች።
ደኅናው ጠጉር ይሳባል፤ ሲለቁት ይመለሳል፤
የላላው ይሳባል፣ ይሳባል፣ መመለሱን ይረሳል፤
ይሄኛው ግን እሺም እምቢም አላለ፤
ቀጭ አለ።

"አንብቢልኝ።"
አነሣሁ አንዱን። ፊቱ ላይ በወርቅ ቀለም
"ብርታት" ይላል፤ ከሥሩ ኬራቲን፣ በትልቁ ስም።
ጀርባው ሌላ ነው። በቅድሚያ ውሃ፣
ሁሌም ውሃ ነው የፊተኛው፣ የብዙ ብዙ፤
ከዚያ ቅባት፤ ከዚያ ምላስ የሚያስር ስም፣ አሥራ አራት በተርታ፤
ኬራቲን ከሽቶው ጎን፣ በጉንዳን ፊደል፣ የጠብታ ጠብታ።
"ከፊቱ አንድ ቃል አለ" አልኩ፤ "ሃይድሮላይዝድ።"
"እሱ ነው ቁም ነገሩ" አለች። "ተሰባብሯል ማለት ነው።"

"ምኑ?"
"የበግ ጠጉሩ። ላባው። ቀንድም ይሆናል።"
"ዶሮ ነው እንዴ የተሸከምኩት?" የማሪናልቫ ሳቅ ጀመረ፤
እንደ ዘለላዋ፣ መሐል ላይ ተሰበረ።

"ሙሉ ላባ፣ ሙሉ ክር፣ ሙሉ እህል ደጅ ይቀራል፤
በር ቢያንኳኳ፣ ቢገፋ፣ ማን ይከፍትለታል?
ይቀቀላል እንጂ፣ ይቆራረጣል፣ ይደቃል፤
ትልልቁ ስባሪ ከላይ ተለጥፎ ያብለጨልጫል፣
በሦስት እጥበት ይሄዳል።
ደቃቁ ነው የሚዘልቅ።
የሚገባው የተሰበረው ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ።
አልገባኝም ነበር።

"ደግሞ ያድናል አትበሉ። ጠጉር ሙት ነው፤ ሙት አይድንም፤
ሽንቁሩን ለጊዜው ይሞላል፣ ሲታጠብ ይወጣል፤ ሌላ የለም።"

ሙት የሚለው ቃል መሐላችን ወድቆ ቀረ።
ጆሲቫን፣ የማሪናልቫ ልጅ፣ ከባሕር ካልተመለሰ
ሰባት ወሩ ነበረ።
ቄሱ "በርቺ"፤ ጎረቤቱ "በርቺ"፤
የጀልባው ባለቤት፣ ካሳውን ሲቀንስ፣ "በርቺ እንጂ፣ በርቺ"፤
እሷም በረታች። በላይ በላዩ ለበሰችው፣
እስኪደርቅ።

ዙሌይዴ ጠርሙሶቹን ወደ ከረጢቱ መለሰች፤
"ብርታትም ልክ አለው፤ ውሃ ካጣ ገል ነው" አለች።
"ለአንድ ወር ከዚህ አንድም አይንካሽ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት እሬት።
ሂሳብ የለም ዛሬ። ውሃ አልሸጥም፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ቤት።"

ራሷን ገንዳው ላይ አጋደመች። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ፣ ቀዳሁ።
መጀመሪያ አንገቷ እንጨት ነበር፤
ቆይቶ፣ ሲለቅ፣
ክብደቷ ሁሉ መዳፌ ላይ አረፈ።
አለቀሰች ወይ? በዚያ ውሃ ማን ይለያል።
እንቅልፍ ወሰዳት፣ አፏ እንደ ተከፈተ፤ ትንሽ ታንኮራፋለች።

ተረኛዋ ዶና ክሬውዛ ሰዓቷን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።
ዙሌይዴ ሄዳ የሚንቋቋውን ማራገቢያ አጠፋች፤
"ይቆዩ" አለች በሹክሹክታ፣ "ውሃው እየገባ ነው።"

ክንዴ ከአንገቷ ሥር ደነዘዘ።
አላነሣሁትም።